ብርዱ ከመግባቱ በፊት የአትክልት መሣሪያዎችንና ትናንሽ ሞተሮችን እንዴት ማስቀመጥ ይቻላል?

የሣር ማጨጃ ሞተር የሚበላሸው ሥራ በዝቶበት ይመስለናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚበላሸው ቆሞ ነው። ገመዱ አንድ ጊዜ ሲሳብ ይነሣ የነበረው ማሽን፣ የብርዱን ወራት በመጋዘን አሳልፎ ሲወጣ ትከሻ እስኪዝል ቢጎተትም አይነሣም። በመካከሉ ማንም አልነካውም፤ ጥፋቱም እዚያ ላይ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ሥራ ቢበዛ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ግን ይጠቅማል፤ ነዳጁን ለማስተካከል ሞተሩ መነሣት አለበት፣ ዘይቱም ጥርት ብሎ የሚወርደው ሞተሩ ሞቅ ሲል ነው።

1. ቤንዚኑ

ከሁሉም አንዱን ብቻ የሚሠሩ ከሆነ ይህን ይሥሩ። ቤንዚን ሲቀመጥ በቀላሉ የሚተነው ክፍሉ ይጠፋል፤ የቀረው ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይሆናል። የካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ክፍል) የነዳጅ መተላለፊያዎች እጅግ ቀጫጭን ስለሆኑ እነርሱን ለመድፈን ጥቂት ዝቃጭ ይበቃል። ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ደግሞ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ ውሃው ሲበዛ ኤታኖሉን ይዞ ታንኩ ሥር ይዘቅጥና ብረቱን ያዝጋል። ብዙ አምራቾች ከ30 ቀን በላይ የሚቀመጥን ቤንዚን እንዲሁ አትተዉት የሚሉት ለዚህ ነው።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ታንኩን በአዲስ ቤንዚን ሞልቶ፣ የቤንዚን ማቆያ ኬሚካል በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሮ፣ ሞተሩን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ማስነሣት ነው። ማስነሣቱ ቸል የሚባል አይደለም፤ ማቆያው ታንክ ውስጥ ብቻ ቀርቶ ካርቡሬተር ካልደረሰ የተደከመው በከንቱ ነው። ደግሞም ማቆያ አዲሱን ቤንዚን ያቆያል እንጂ ያረጀውን አያድስም።

ሁለተኛው መንገድ ማድረቅ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቀው፣ ደጅ ላይ ታንኩን በእጅ ፓምፕ ወደ ጀሪካን ይገልብጡ። ቤንዚን በአፍ መሳብ በፍጹም አይገባም። ከዚያ ሞተሩን አስነሥተው የቀረውን እስኪጨርስና እስኪጠፋ ይተዉት፤ ቾኩን (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቀንሰውን መዝጊያ) ዘግተው አሁንም ይሞክሩ፣ ምላሽ እስኪያጣ ድረስ።

እንደ ሞተር መጋዝ ላሉ በእጅ ለሚያዙ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች (ዘይታቸው ከቤንዚኑ ጋር ለሚቀላቀል) እኔ ማድረቅን እመርጣለሁ። ታንካቸው ትንሽ ስለሆነ ሥራው ይቀላል። ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚንም ቢሆን ለቀጣዩ ወቅት ባይተርፍ ይሻላል። አዲሱን ሲቀላቅሉ መመሪያው 50 ለ 1 የሚል ከሆነ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ይገባዋል።

2. ዘይቱ

ይህ ባለ አራት ምት ሞተሮችን፣ ማለትም ዘይታቸው ከቤንዚኑ ተለይቶ የሚቀመጠውን፣ ይመለከታል። ሲሠራበት የከረመ ዘይት ከቃጠሎ የተረፈ አሲድና እርጥበት ይዟል፤ ከእርሱ ጋር ለወራት መቀመጥ ለውስጥ ብረቶች አይበጅም። ስለዚህ ዘይት የሚቀየረው ሥራ ሲጀመር ሳይሆን ሥራ ሲያበቃ ነው። ሞተሩ ሞቅ እንዳለ ያጥፉት፤ የካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ሽቦ ነቅለው ዘይቱን ያፍስሱ። ማሽኑን ማጋደል ካስፈለገ ታንኩ ባዶ መሆን አለበት፣ የአየር ማጣሪያው ያለበት ጎንም ወደ ላይ ይሁን። በተገላቢጦሽ ከተጋደለ ዘይቱ ማጣሪያውንና ካርቡሬተሩን ያበሰብሳቸዋል። አዲሱን ዘይት መመሪያው በሚያዘው ዓይነት ይሙሉ፣ ከመለኪያው ምልክት ግን አያሳልፉ። አሮጌው በዕቃ ታሽጎ ዘይት ወደሚሰበስቡ ይሂድ፤ አፈርም ሆነ ቦይ ቦታው አይደለም።

3. ካንዴላውና ሲሊንደሩ

ካንዴላውን ይፍቱ። በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል የሞተር ዘይት ያንጠባጥቡና ገመዱን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ብለው ይሳቡ፤ ዘይቱ የሲሊንደሩን ግድግዳ ለብሶ ዝገትን ይከላከላል። ካንዴላው ጫፉ ከተበላ በአዲስ ይተካ፤ ዋጋው ከሚያመጣው ጣጣ ጋር አይወዳደርም። መልሰው ካሰሩት በኋላ ገመዱን ከበድ እስኪልዎት ድረስ ይሳቡና እዚያ ላይ ይተዉት። በባለ አራት ምት ሞተር ይህ ማለት ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተዋል፣ እርጥብ አየር ወደ ውስጥ መግቢያ የለውም ማለት ነው። ሽቦውን አይመልሱ።

4. ማጣሪያውና ስለቱ

የስፖንጅ ማጣሪያ በሳሙና ውሃ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ጥቂት ዘይት ይቀባል። የወረቀቱ ግን አይታጠብም፤ ከጠቆረ ይቀየራል።

ከማጨጃው ሥር የተጋገረው ሣር እርጥበት አቅፎ ብረቱን ስለሚበላ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ይነሣ። ስለቱን ሲፈቱ ወፍራም ጓንት ያድርጉ፣ ሽቦው መነቀሉንም ደግመው ያረጋግጡ። ሞርሳ ላይ አስረው ሞረዱን በነባሩ ዘንበል ብቻ ይሂዱበት። እንደ ምላጭ ማሾል አያስፈልግም፤ ያን ያህል የሳሳ ጠርዝ በመጀመሪያው ጠጠር ይጎረዳል። ከዚያ የመሐል ቀዳዳውን በሚስማር ላይ ያንጠልጥሉት፤ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ የከበደውን ጎን ጥቂት ይሞርዱ። ሚዛኑን ያልጠበቀ ስለት ሞተሩን እያንቀጠቀጠ ዘንጉን ይጎዳል።

5. ባትሪ

የእርሳስ ባትሪ ተሞልቶ ይቀመጥ፤ ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ባዶው በብርድ በረዶ ይሆናል፣ ይሰነጠቃልም። የሊቲየሙ ጠባይ ሌላ ነው፦ ግማሽ ያህል ተሞልቶ በደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ይቀመጣል፣ ከ0 ዲግሪ በታች ግን ቻርጅ አይደረግም።

6. የእጅ መሣሪያዎች

አካፋ፣ ዶማ፣ መኮትኮቻ፣ ማጭድና የቅርንጫፍ መቀስ ሞተር ስለሌላቸው ይረሳሉ። ጭቃውን አጥበው ፈጽሞ እንዲደርቁ ያድርጉ። ቀላል ዝገት በሽቦ ብሩሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል፤ የከረመውን ሌሊቱን አቼቶ ውስጥ ነክሮ ማሳደር ያላላዋል፤ ከዚያ አጥቦ ወዲያው ማድረቅ ነው። መቀሱ ላይ የደረቀ የዛፍ ሙጫ በአልኮል ይነሣል፤ የሚሳለውም ዘንበል ያለው ወገን ብቻ ነው፣ ጠፍጣፋውን አይንኩት። በመጨረሻ ብረቱን ሁሉ በዘይት በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉ።

የእንጨት እጀታ በብርጭቆ ወረቀት ከለሰለሰ በኋላ የተልባ ዘይት ይጠጣል። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት አደጋ አለ፦ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሊግል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ደጅ ላይ ዘርግተው ያድርቁት።

7. ውሃ የሚይዙት

ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ ቱቦ፣ መርጫና የግፊት ማጠቢያ ፓምፕ የሚሰነጠቁት በዚህ ነው። የሁሉም ውሃ ተንጠፍጥፎ ይውጣ።

8. ማስቀመጫው

ቤንዚን ያለበት ማሽን የውሃ ማሞቂያም ሆነ ምድጃ ካለበት ክፍል አይገባም፤ ትነቱ ወለል ወለሉን ሄዶ እሳት ያገኛል። በፕላስቲክ አፍኖ መሸፈንም አይመከርም፣ እርጥበት ከሥሩ ይጠራቀማል፤ አየር የሚያሳልፍ ጨርቅ ይሻላል። የእጅ መሣሪያዎች ከሲሚንቶው ወለል ርቀው ግድግዳ ላይ ይሰቀሉ። ከማጨጃው እጀታ ላይ ደግሞ ይህን የሚገልጽ ወረቀት ያንጠልጥሉ፦ ታንኩ ባዶ ነው ወይስ ማቆያ አለበት፣ ዘይቱ መቼ ተቀየረ፣ የካንዴላው ሽቦ ተነቅሏል። ሥራው ሲመለስ መጀመሪያ የሚጎትተው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።