አምስት ግብ ይዤ አንዱም ፈቀቅ አልል ሲለኝ ያደረግኩት

ቋንቋ መማር፣ ኮዲንግ፣ መጽሐፍ መጻፍ፣ ስፖርት፣ የራሴ ቢዝነስ። አምስቱንም በአንዴ ይዤ ወራት አለፉ። ማታ ድክም ይለኛል፣ ምን ሠራህ ብባል ግን መልስ የለኝም።

መጀመሪያ ኖሽን ላይ (ማስታወሻና ዕቅድ መያዣ አፕ ነው) አሪፍ ሰንጠረዥ ሠራሁ። እሱን ማሳመር ራሱ ስድስተኛ ሥራ ሆነብኝና ተውኩት። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ በቀን 30 ደቂቃ መደብኩ፤ ገና ነገሩ ውስጥ ስገባ ሰዓቱ ያልቃል። «የምትወደውን ተከተል» የሚለው ምክርማ ጭራሽ አልረዳኝም፣ አምስቱንም እወዳቸዋለሁ።

የሠራልኝ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። አምስቱን ጻፍኩና ሁለት ሁለት እያደረግኩ አጋጠምኳቸው፦ ከዓመት በኋላ ከነዚህ አንዱ ብቻ ቢሳካ የትኛው ይሻለኛል? አምስት ነገር 10 ግጥሚያ ነው የሚወጣው፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። መጽሐፉ አራቱንም አሸነፈ። (እውነቱን ለመናገር ኮዲንግ ይበልጣል ብዬ ነበር፣ ለካ ኮዲንግን የያዝኩት ሌላው ሰው ሁሉ ስለያዘው ነው።)

ከዚያ ጎግል ካላንደር ላይ በየጠዋቱ 90 ደቂቃ ለመጽሐፉ ብቻ ያዝኩ፣ ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጬ። ስፖርቱ በእግር መሄድ ብቻ ሆነ። የቀሩትን ሦስቱን «በኋላ» የሚል ገጽ ላይ ጻፍኳቸው፤ ይሄን ሳላደርግ በፊት መሀል ላይ ትዝ እያሉኝ ይረብሹኝ ነበር። አሁን ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ደርሻለሁ።