ድብቅ መልእክት አለበት የሚባል ድምፅ፦ እየተጠራጠሩ እንዴት መሞከር ይቻላል?

ጎረቤቴ በቴሌግራም አንድ ፋይል ላከችልኝ። ርዕሱ "የማስታወስ ችሎታ የሚጨምር ሰብሊሚናል" ይላል። ከፈትኩት። ዝናብ ነው። ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ ዝናብ ብቻ።

"ቃሉ ከዝናቡ ሥር ነው ያለው። ጆሮሽ ባይሰማውም አእምሮሽ ይሰማዋል" አለችኝ።

ባሕር ዳር በክረምት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለሚያድር ሰው ዝናብ መሸጥ ድፍረት ነው። ጠርጥር ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ? ጠረጠርኩ። ግን ሳልሞክር ማጣጣሉም ደስ አላለኝም። ስለዚህ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሆነን ሞከርነው። እናንተም ብትፈልጉ እንዲህ አድርጉ።

መጀመሪያ፣ የሚሸጥላችሁን ነገር እወቁ

ሰብሊሚናል የሚባለው ልብ ብለን ልንሰማው ከምንችለው በታች የተደበቀ መልእክት ነው። ወሬው የገነነው በ1957 እ.ኤ.አ. ጄምስ ቪካሪ የተባለ አሜሪካዊ የገበያ ተመራማሪ በአንድ ሲኒማ ቤት ብልጭ ብለው የሚጠፉ ጽሑፎችን አሳይቼ የኮካ ኮላና የፈንዲሻ ሽያጭ ጨመርኩ ሲል ነው። በ1962 ራሱ ነገሩ የማስታወቂያ ዘዴ እንደነበር አመነ። ወሬው ግን እስከ ዛሬ አልሞተም።

ለእኛ የሚጠቅመን በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አንቶኒ ግሪንዋልድና ባልደረቦቹ ለሰዎች ድብቅ መልእክት ያላቸውን ካሴቶች ሰጡ። አንዱ ለማስታወስ፣ ሌላው በራስ ለመተማመን ነው። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው፦ ለግማሾቹ የካሴቱን ስም ቀይረው ለጠፉበት። ከአንድ ወር በኋላ ሁለቱም ካሴቶች የተባለላቸውን አልሠሩም። ሆኖም ከሦስት ሰው ከአንድ በላይ የሚሆኑት ላዩ ላይ በተጻፈው ነገር ተሻሻልኩ ብለው አመኑ። እኛም የምንሠራው ይህንኑ ተንኮል በትንሹ ነው።

አንድ፣ የሚቆጠር ነገር ምረጡ

"ደስተኛ መሆን" ቤት ውስጥ አይቆጠርም። ቃል ግን ይቆጠራል። ወንድሜ በየማታው 20 የማይገናኙ ቃላት ወረቀት ላይ ይጽፍልኛል። ደንገል፣ ቁልፍ፣ ጌሾ፣ ሚስማር፣ መሶብ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ለሁለት ደቂቃ አያለሁ፣ ወረቀቱን እገለብጣለሁ፣ ሩብ ሰዓት ሌላ ሥራ እሠራለሁ። ከዚያ ያስታወስኩትን እጽፋለሁ። ቃላቱ በየቀኑ አዲስ ይሁኑ።

ሁለት፣ መንታ ድምፅ አዘጋጁ

ዋናው ሥራ ይኼ ነው። እኔም መጀመሪያ የተበላሸብኝ እዚሁ ላይ ነው። መልእክት የሌለበት ድምፅ ያስፈልጋችኋል። "ጣና አጠገባችን እያለ ምን አስጨነቀን" ብዬ ጠዋት ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩና የማዕበሉን ድምፅ በስልኬ ቀዳሁ። ቆንጆ ሆኖ ነበር። በሁለተኛው ቀን ስሰማው ግን አሥረኛው ደቂቃ ላይ ወደ ዘጌ የሚሄድ ጀልባ ሞተሩን አስነሣ። ከዚያ በኋላ የቱ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ሙከራው እዚያው ሞተ።

ስለዚህ ሁለቱ ድምፆች መለየት የለባቸውም። ፋይላችሁ ዝናብ ከሆነ ያንኑ የሚመስል ተራ ዝናብ ፈልጉ። ርዝመታቸውም፣ የድምፃቸው ከፍታም እኩል ይሁን። ይህን ሌላ ሰው ይሥራው፤ እናንተ ቀድማችሁ አትስሙት። እኔ አንዱን ስለማውቀው ወንድሜ ከሌላ ቦታ አዲስ ሰብሊሚናልና አዲስ ተራ ዝናብ አመጣ። አንዱን "ሀ"፣ ሌላውን "ለ" አለው። የትኛው ምን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ብዙዎቹ ፋይሎች ኤምፒስሪ ናቸው። ይህ አሠራር ፋይሉን ለማሳነስ ብሎ ጆሮ የማይለየውን፣ በሌላ ድምፅ የተሸፈነውን ድምፅ እየቀነሰ የሚጥል ነው። ከዝናቡ ሥር የተደበቀው ቃልም አብሮ ሊጣል ይችላል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አስቡበት።

ሦስት፣ ዕጣ አውጡ

20 ቁራጭ ወረቀት አዘጋጁ፤ አሥሩ ላይ ሀ፣ አሥሩ ላይ ለ። አጥፋችሁ ስኒ ውስጥ ጨምሩ። ረዳታችሁ በየማታው አንድ ያወጣል፣ ደብተሩ ላይ ይመዘግባል፣ ለእናንተ አያሳይም።

የወንድሜ ፊት ምሥጢር አይችልም፤ ፈገግ ካለ አለቀ። ስለዚህ እኔ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ፣ እሱ ድምፁን ያስጀምርና ስልኩን በሻርፕ ጠቅልሎ የጆሮ ማዳመጫውን አቀብሎኝ ይወጣል። የስልኩ ስክሪን የፋይሉን ስም ስለሚያሳይ ሻርፑ ቀልድ አይደለም።

አራት፣ ስሙ፣ ከዚያ ገምቱ

በየማታው ተመሳሳይ ሰዓት፣ ሠላሳ ደቂቃ። መብራት ስለሚጠፋ ስልኩን ቀን ቻርጅ አድርጉት። ድምፁን አታስጩኹ፤ የተደበቀውን እሰማለሁ ብሎ ቮልዩም መጨመር ጆሮ ከመጉዳት በቀር ጥቅም የለውም። መንገድ ላይም አታድርጉት፤ ባጃጁ አይጠብቃችሁም። የምትወስዱት መድኃኒት ካለ በዚህ ድምፅ አትተኩት።

ድምፁን ሰምታችሁ የዕለቱን ቃላት ከጻፋችሁ በኋላ አንድ መስመር ጨምሩ፦ "ዛሬ መልእክት ነበረበት" ወይም "አልነበረበትም"።

አምስት፣ ደብተሩን ክፈቱ

ከ20 ማታ በኋላ የሀ ቀናትን አማካይ ከለ ቀናት ጋር አስተያዩ። የእኔ ልዩነት አንድ ቃል እንኳ አልሞላም። ግምቴ ከ20 ማታ 11ዱን አገኘ፤ ሳንቲም ብወረውርም ከዚህ ብዙ አልርቅም ነበር። ብዙ ቃል የያዝኩበት ማታ ደግሞ ተራው ዝናብ የተከፈተበት ነው።

የገረመኝ ሌላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዘጠኝ፣ አሥር ቃል እይዝ ነበር። በመጨረሻ አሥራ አምስት ደረስኩ፣ በሀም በለም። ሳላስበው ብልሃት ለምጄ ነበር፤ ቃላቱን ተረት አደርጋቸዋለሁ። ጌሾው መሶብ ላይ በሚስማር ተቸንክሮ፣ ቁልፉ በደንገል ታስሮ። የጎረቤቴን ፋይል ብቻ 20 ቀን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ "ይሠራል" ብዬ እምል ነበር። በ1991ዱ ጥናትም ካሴቱ ማንኛውም ቢሆን ሁሉም ትንሽ ተሻሽለዋል።

የእናንተ ልዩነት ሰፊ ከሆነ ወዲያው አትጨፍሩ። ሌላ 20 ማታ ድገሙት።

ውጤቱን ለጎረቤቴ ስነግራት "አንቺ ስላላመንሽበት ነው" አለችኝ። እውነት ሊሆን ይችላል። እሷ ታምናለች፣ ስለዚህ እሷም ትሞክረው ተባባልን። ወንድሜ አዲስ ዕጣ እየቆራረጠ ነው። በዚህኛው ግን በነፃ አልሠራም፣ የተጠበሰ ዓሣ ካልተገዛልኝ ብሏል።