ርካሽ ሆስቲንግ አግኝታችሁ ዌብሳይታችሁን ልታዛውሩ ስትነሱ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ትንሽ ዌብሳይት ያለው ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይዞ ወደ እኔ ይመጣል። «ከዚህ የረከሰ ሆስቲንግ የለም ወይ?» አይፈረድበትም። አብዛኛው ሆስቲንግ፣ ማለትም የሳይቱ ፋይል የሚቀመጥበት ቦታ ኪራይ፣ የሚከፈለው በዶላር ነው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሳይቱ ያው፣ ጎብኚው ያው፣ ሂሳቡ ግን እጥፍ።

ርካሽ ሆስቲንግ አለ። ደህና የሚሠራም አለ። ሰውን የሚያስለቅሰው የማዛወሩ አካሄድ ነው። ከሸዋ ሮቢትም ይምጣ ከእነዋሪ፣ ጀማሪ ሁሉ የሚሰናከለው እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ዶሜይኑ የማን እንደሆነ ሳያጣሩ መነሳት

ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ይህን ነው። ዶሜይን የሳይቱ ስም ነው። ሆስቲንግ ፋይሉ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ክፍያቸው ለየብቻ ነው፤ ድርጅቱም ሊለያይ ይችላል። «ዶሜይኑ በማን ስም ነው?» ስል መልሱ ብዙ ጊዜ «እሱን ሳይቱን የሠራልን ልጅ ነው የሚያውቀው» ይሆናል። ልጁ የት ነው? ዱባይ። ስልኩስ? ተቀይሯል።

ልጁን ሌባ ማለቴ አይደለም። ያኔ ባለቤቱ ኢሜይል ስላልነበረው በራሱ ኢሜይል አስመዘገበለት፤ ነገሩ በዚያው ቀረ። እንዲህ ከሆነ ግን ማዛወሩን ተዉትና መጀመሪያ ልጁን ፈልጉ። ስማችሁ በ«ዶት ኢቲ» የሚያልቅ ከሆነ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ በማን ስም እንደተያዘ እዚያ አጣሩ። ደግሞ ሆስቲንግ ለመቀየር ዶሜይን ማዛወር አያስፈልግም። ስሙ ባለበት ይቀመጥ፤ የሚያመለክትበትን ብቻ ትቀይራላችሁ።

የመግቢያውን ዋጋ ብቻ ማየት

በትልቁ የተጻፈው ዋጋ የመግቢያ ዋጋ ነው። ሲታደስ እጥፍ ወይም ከእጥፍ በላይ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። «በወር 2 ዶላር» ይላችኋል፤ ለካ ያ ዋጋ የሚሠራው የአራት ዓመቱን ባንዴ ለሚከፍል ነው። መጨረሻ ላይ ከካርዱ የሚቆረጠው መቶ ዶላር ገደማ ይሆናል። ስታድሱ ስንት እንደሚያስከፍሉ በደቃቅ ጽሑፍ የሆነ ቦታ ተጽፏል፤ እሱን ፈልጋችሁ አንብቡ። «ያልተገደበ» የሚለውንም እንዳለ አትመኑት፤ በአብዛኛው የፋይል ቁጥር ላይ ገደብ አለው።

የሚከፈለው አሜሪካ ባለ የአክስት ልጅ ካርድ ከሆነ ደግሞ የእድሳት ማስታወሻው ለናንተ ኢሜይል እንዲደርስ አድርጉ። እሱ አንዴ ከፍሎላችኋል፤ በየዓመቱ ያስታውሳል ብላችሁ አትጠብቁ።

ኢሜይሉን መርሳት

ከመንዝ የበግ ፀጉር ባና እና ዝተት እያስመጡ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ሳይታቸውን ያዛወረላቸው የእህታቸው ልጅ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ፎቶው፣ ዋጋው፣ ሁሉም ገጽ ይከፈታል። ከሳምንታት በኋላ መጡ።

«የኔ ልጅ፣ ሳይቱስ ይሠራል። ሰው ነው የጠፋብኝ። አዲስ አበባ ያሉት ደንበኞቼ እንኳ ዝም አሉ።»

«እትዬ፣ ትዕዛዝ የሚልኩልዎት በስልክ ነው በኢሜይል?»

«በኢሜይል ነዋ።»

«ኢሜይሉንስ አዛወራችሁት?»

«እሱ አብሮ አልመጣም እንዴ?»

አብሮ አይመጣም። በሳይቱ ስም የተከፈተ ኢሜይል ከፋይሉም፣ የገጾቹ ጽሑፍ ከሚቀመጥበት ከዳታቤዙም ለብቻው ነው። ልጁ ስሙ ወዴት እንደሚያመለክት የሚወስነውን ኔምሰርቨር ወደ አዲሱ ሆስት (ሆስቲንጉን ወደሚያከራየው ድርጅት) ሲያዞረው፣ ኢሜይል የት ይድረስ የሚለው ኤምኤክስ የተባለ መዝገብም አብሮ ዞረ። አዲሱ ሆስት ላይ ግን በእትዬ ስም የተከፈተ ኢሜይል የለም። ደንበኛው ይልካል፤ «እንዲህ የሚባል ተቀባይ የለም» የሚል መልስ ይመጣለታል፤ ሱቁ ተዘግቷል ብሎ ሌላ ጋ ይሄዳል። እትዬ ደግሞ ምንም የሚያውቁት ነገር የለም።

ስለዚህ አቅጣጫውን ከማዞራችሁ በፊት አዲሱ ሆስት ላይ ኢሜይሎቹን በዚያው በድሮ ስማቸው ክፈቱ። የቆዩትን መልእክቶች አይማፕ በሚባለው የኢሜይል ማንበቢያ ዘዴ ወደ አዲሱ ቅዱ። የአሮጌውን ሆስት የዲኤንኤስ ገጽም (ስሙ ወዴት እንደሚያመለክት የተዘረዘረበትን) ከላይ እስከ ታች በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ቀላል ነገር ነው፤ ግን እያንዳንዱ መስመር ምን እንደነበር በኋላ የሚነግራችሁ የለም። የምትጠቀሙት ተራ ጂሜይል ከሆነ ይህን ሁሉ እርሱት።

አሮጌውን ሆስት ቀድሞ መዝጋት

እዚህ ላይ ትዕግስቴ ያልቃል።

«አዲሱን ከፍያለሁ፤ ለሁለት ቦታ ምን አስከፈለኝ?» ይላሉ። አዎ፣ ለሁለት ቦታ ክፈሉ! አንድ ወር፣ ቢቻል ከዚያም በላይ፣ ሁለቱንም ክፈሉ። የማዛወሩ ወጪ እሱ ነው። አሮጌው ሆስት እስካለ ድረስ ምንም ብታበላሹ ተመልሳችሁ ትቀዳላችሁ። እሱ ከተዘጋ በኋላ ግን ትንሿ ስህተት ትልቅ ጉድ ትሆናለች። ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አለኝ የሚል ይኖራል። ከፍተህ አይተኸዋል? አላየም። ያልተከፈተ ባክአፕ ባክአፕ አይደለም፤ ዝም ብሎ ፋይል ነው።

እንግዶችን መንዝ ወዳለው የጓሳ ጥብቅ ስፍራ የሚወስድ አንድ አስጎብኚ አለ። የሳይቱ ግማሽ እንግሊዝኛ፣ ግማሽ አማርኛ ነው። ደህናው ግማሽ አማርኛው ነበር። የመንዝ ሽማግሌዎችን እየጠየቀ የጻፈው ነው። ጓሳው ለዓመታት እንዴት ተዘግቶ ይቆይ እንደነበር፣ ሳሩ መቼ እንደሚታጨድ፣ ስለ ጭላዳው፣ ስለ ቀይ ቀበሮው። ዳታቤዙን ወደ ላፕቶፑ አወረደ። የገጾቹን አድራሻ ከኤችቲቲፒ ወደ ተመሰጠረው ኤችቲቲፒኤስ ልቀይር ብሎ በኖትፓድ ከፈተው። ቀየረ፤ ሲያስቀምጥ «አንሲ» የሚለውን ምርጫ ወሰደ። ኖትፓድ አስጠንቅቆታል፤ እንዲህ ካስቀመጥከው የሚጠፉ ፊደሎች አሉ ብሎታል። «እሺ» የሚለውን ተጭኖ አለፈ። ፋይሉን አዲሱ ሆስት ላይ ሲጭነው የእንግሊዝኛው የፊት ገጽ አምሮ ተከፈተ። ያን ዕለት ማታ አሮጌውን አካውንት ዘጋው።

የአማርኛው ገጽ መበላሸቱን የነገረው አንድ ደንበኛ ነው። እኔም ከፍቼ አየሁት። ረድፍ በረድፍ የጥያቄ ምልክት ነው። አራት ነጥቡ እንኳ የጥያቄ ምልክት ሆኗል። በመሐል «3200» እና «3700» የሚሉ ቁጥሮች ብቻ ቆመዋል፤ የጓሳ ከፍታ በሜትር ነው። ቁጥሩ ተርፏል፣ ፊደሉ አልቋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል ማስቀመጫ ዘዴ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት (የኮምፒውተር ማስቀመጫ ትንሽ መለኪያ) ይይዛል፤ አንድ የኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። «አንሲ» የኛን ፊደል አያውቀውም። የማያውቀውን ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል፤ ከዚያ በኋላ «ጓ» የነበረውንና «ሳ» የነበረውን የሚለይ ነገር የለም። ይህን ከሌላኛው በሽታ ለዩት። አማርኛው ጭረትና ኮፍያ ያለባቸው እንግዳ የላቲን ፊደሎች ሆኖ ከመጣ አትደንግጡ። ባይቶቹ አሉ፤ የተነበቡበት መንገድ ነው የተሳሳተው፣ ይስተካከላል። የጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ያ ፋይል ሞቷል። መድኃኒቱ ወደ አሮጌው ሆስት ተመልሶ እንደገና መቅዳት ነው። እሱ ደግሞ አሮጌውን ሆስት ዘግቶታል።

የተወሰነውን የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ በሚያስቀምጠው በዌይባክ ማሽን ላይ አገኘነው። የተቀመጡለት ገጾች ነበሩ፤ አንድ በአንድ እየገለበጠ መለሳቸው። ያልተቀመጡት ቀሩ። ቀድሞ በመዝጋቱ ያተረፈው የአንድ ወር ሂሳብ ነው።

እንግዲህ የዳታቤዝ ፋይል በኖትፓድ አትንኩ። አድራሻ መቀየር ካለባችሁ ሳይታችሁ ዎርድፕረስ በሚባለው የሳይት መሥሪያ ፕሮግራም የተሠራ ከሆነ ለዚሁ የተሠራ ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) አለ። ፊደሉን ሳታበላሹ ብትቀይሩት እንኳ ዎርድፕረስ አንዳንዱን ጽሑፍ ከነፊደል ቁጥሩ ነው የሚያስቀምጠው፤ በእጅ አንድ ፊደል ስትጨምሩ ቁጥሩ አይገጥምም፤ ሴቲንጉ ይጠፋል። አዲሱን ዳታቤዝ ስትከፍቱ የፊደል ዘዴው ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 መሆኑን እዩ። ማይኤስኪውኤል የሚባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ከ8.0 በፊት የነበሩት ስሪቶቹ ካልነገሯቸው በስተቀር የሚመርጡት የኛን ፊደል የማያውቀውን ላቲን 1 ነው፤ ርካሽ ሆስት ላይ አሮጌ ስሪት ማግኘት ብርቅ አይደለም። ሳይቱ ሲነሳ ደግሞ መጀመሪያ የምትከፍቱት ረጅሙን የአማርኛ ገጽ ይሁን።

ፋይሉን አንድ በአንድ መጫን

ዎርድፕረስ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች አሉት። በሞባይል ዳታ በኤፍቲፒ (ፋይል መላኪያ ዘዴ) ስትጭኗቸው መሐል ላይ መብራት ይሄዳል፣ የትኛው እንደቀረ አታውቁም። ዚፕ አድርጋችሁ አንድ ፋይል ጫኑና እዚያው ሰርቨሩ (የሆስቱ ኮምፒውተር) ላይ ፍቱት፤ መጠኑ ከአሮጌው ጋር እኩል መሆኑንም እዩ። ከዚያ ዚፑን አጥፉት። ለሕዝብ ክፍት በሆነው ፎልደር ውስጥ ከተዋችሁት ስሙን የገመተ ሁሉ ከነዳታቤዛችሁ ያወርደዋል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አዲሱን ሆስት ጠይቁት። ብዙዎቹ ደንበኛ ለማግኘት ሲሉ በነፃ ያዛውሩላችኋል፣ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር፣ የናንተ ኢንተርኔት ሳይነካ። ጀማሪ ይህን መጠየቅ ለምን እንደሚያፍር አይገባኝም።

የፊት ገጹ ተከፍቶ የውስጥ ገጾቹ «አልተገኘም» ካሉ ኤችቲአክሰስ የሚባለው ፋይል ቀርቷል። ስሙ በነጥብ ስለሚጀምር ብዙ ፕሮግራም ይደብቀዋል። ዎርድፕረስ ውስጥ የፐርማሊንክ (የገጽ አድራሻ) ሴቲንጉን ከፍታችሁ ምንም ሳትቀይሩ እንደገና ሴቭ በሉት፤ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለፎቶ ፋይል የአማርኛ ስም መስጠትም ተዉ። ሲዛወር ይበላሻል፣ ፎቶው ይጠፋል።

ዎርድፕረስ የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ፣ የፒኤችፒ፣ ስሪትም አለ። ፒኤችፒ 7.4 ድጋፉ የቆመው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው፤ አዲሱ ሆስት 8 እና ከዚያ በላይ ሊሰጣችሁ ይችላል። የድሮ ፕለጊን ካላችሁ ሳይቱ ነጭ ገጽ ሆኖ ይከፈታል። ፕለጊኖቹን አሮጌው ሆስት ላይ እያላችሁ አድሱ።

አቅጣጫውን ሳይሞክሩ ማዞር

አዲሱን ሳይት ማንም ሳያይ እናንተ ብቻ ማየት ትችላላችሁ። ላፕቶፓችሁ ላይ «ሆስትስ» የሚባል ፋይል አለ፤ የሳይቱን ስምና የአዲሱን ሰርቨር ቁጥር እዚያ ላይ ስትጽፉ ለናንተ አዲሱ፣ ለሌላው ሰው አሮጌው ይከፈታል። ጨርሳችሁ ሞክሩት፤ ከዚያ መስመሩን አጥፉት። መስመሩን ካላጠፋችሁት ሌላው ሰው የሚያየውን መቼም አታዩም።

ለማዞር ሁለት መንገድ አለ። ኔምሰርቨር ከቀየራችሁ እስከ ሁለት ቀን ሊወስድ ይችላል። ዲኤንኤሱን ባለበት ትታችሁ ስሙን ከሰርቨሩ ቁጥር ጋር የሚያገናኘውን ኤ የተባለውን መዝገብ ብቻ ከቀየራችሁ ይፈጥናል፤ ኢሜይሉም አይነካም። ይህኛውን የምታደርጉ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ቲቲኤሉን (አድራሻው በሰው ኮምፒውተር ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ) ወደ 300 ሰከንድ አውርዱት፤ 86400 ከሆነ ሰው ላፕቶፕ ውስጥ የአሮጌው አድራሻ ሙሉ ቀን ይቆያል። በዚያ መሐል ግማሹ ጎብኚ አሮጌውን፣ ግማሹ አዲሱን ያያል። ትዕዛዝ ወይም ቦታ ማስያዣ የምትቀበሉ ከሆነ ለጊዜው ዝጉት፤ አለበለዚያ የገባው ትዕዛዝ አሮጌው ዳታቤዝ ውስጥ ይቀራል። አንኮበር ላይ የእንግዳ ማረፊያ ያለው ሰው ጥምቀት ሳምንት ሲቀረው ይህን ሥራ ልጀምር ሲለኝ፣ «ወንድሜ፣ በዓሉ ይለፍ» ነው ያልኩት።

ግንኙነቱን ለሚመሰጥረው ለኤስኤስኤል ሰርተፍኬት ገንዘብ አትክፈሉ። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባል አገልግሎት በነፃ ይሰጣል፤ በ90 ቀን ያልቃል፣ ሆስቱ ራሱ ያድሰዋል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው ግን ስሙ ወደ አዲሱ ሰርቨር ከዞረ በኋላ ስለሆነ በመጀመሪያው ሰዓት ብሮውዘሩ «ይህ ሳይት አያስተማምንም» ቢል አትሸበሩ።

ወሩ ካለቀና ኢሜይሉም አማርኛውም ደህና ከሆነ አሁን አሮጌውን ዝጉ። ከመዝጋታችሁ በፊት ግን ዶሜይኑም እዚያው ድርጅት ጋ ተመዝግቦ እንደሆነ እዩ። አካውንቱን በሙሉ ዝጉልኝ ብላችሁ ከጠየቃችሁ ስሙም አብሮ ሊሰረዝ ይችላል። ሆስቲንጉን ብቻ ሰርዙ፤ የዶሜይኑን እድሳት አትንኩ። አውቶማቲክ ክፍያውንም ለብቻው አጥፉት፤ አገልግሎቱ ቢቋረጥም ካርዱ እዚያ እንደተመዘገበ ይቀራል።