ባንድዊድዝና ስቶሬጅ እንዴት ይገዛል? እንዴትስ ይሸጣል?

ሥራዬ ለድርጅቶች ባንድዊድዝ (መስመሩ ዳታ የማስተላለፍ አቅሙን) እና ስቶሬጅ (የዳታ ማከማቻ) መግዛት ነው። የተረፋቸውንም እሸጥላቸዋለሁ። ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ ዋጋ ይጠይቀኛል። እኔ ደግሞ «እስቲ የትራፊክ ግራፉን ያሳዩኝ» እላለሁ፤ በመስመሩ በየሰዓቱ ምን ያህል ዳታ እንደሚያልፍ የሚያሳየውን ማለቴ ነው።

ብዙ የመስመር አቅራቢዎች ሂሳብ የሚሠሩት በ95ኛ ፐርሰንታይል ነው። ፍጥነታችሁ በየ5 ደቂቃው ይለካል። የ30 ቀን ወር 8,640 ልኬት አለው። ከነሱ ከፍተኛዎቹ 5 በመቶ ይጣላሉ፤ 432 ልኬት፣ ማለትም 36 ሰዓት። ከቀሩት ውስጥ ትልቁ ሂሳባችሁ ይሆናል። ስለዚህ ባካፕ (የዳታችሁን መጠባበቂያ ቅጂ መላክ) በየሌሊቱ 2 ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ በወር 60 ሰዓት ነው፤ ትከፍሉበታላችሁ። ፍጥነቱን እጥፍ አድርጋችሁ በ1 ሰዓት ጨርሱት። 30 ሰዓት ብቻ ይሆናል፤ ሌላ ጭነት ከሌለባችሁ ሙሉ በሙሉ ከሚጣለው ውስጥ ይገባል። ማፍጠን ሂሳብ ሲቀንስ ብዙ ሰው አያምነኝም።

በውሉ የምትገቡበትን ዝቅተኛ መጠን፣ ኮሚቱን፣ በተለመደው ቀን ልክ ያዙት። ከሱ በላይ ስትሄዱ የሚከፈለውን ዋጋም አስቀድማችሁ ተደራደሩ።

አንዱ በፍጥነት (በሜጋቢት)፣ ሌላው ባለፈው የዳታ መጠን (በጊጋባይት) ዋጋ ሲሰጣችሁ ይህን ያዙ፦ 1 ሜጋቢት በሰከንድ፣ 30 ቀን ሙሉ ሳያቋርጥ ከሄደ፣ 324 ጊጋባይት ነው።

ስቶሬጅ ፀባዩ ሌላ ነው። ማስገባቱ ብዙውን ጊዜ ነፃ ነው፤ ጉዱ ማውጣቱ ላይ ነው። እኔ የወር ኪራዩን የማየው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ዳታውን በሙሉ አውጥቶ ለመሄድ ስንት እንደሚጠይቅ አሰላለሁ። ቀጥሎ ዝቅተኛውን የቆይታ ጊዜ አያለሁ። ለምሳሌ ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫ በሆነው በአማዞን ግላሲየር ዲፕ አርካይቭ ያስቀመጣችሁትን ፋይል ከ180 ቀን በፊት ብታጠፉት የቀሪዎቹንም ቀናት ትከፍላላችሁ። በየሳምንቱ ለሚቀያየር ባካፕ አይሆንም።

ወደ መሸጡ ስንመጣ፣ ያልተጠቀማችሁበት ባንድዊድዝ አይጠራቀምም፤ ሰዓቱ ካለፈ አለፈ። ስለዚህ ሌሊቱን ለይታችሁ በርካሽ ሽጡ። አስቀድማችሁ ግን ውላችሁ ለሌላ መሸጥ እንደሚፈቅድ አረጋግጡ። የአሜሪካው የኢነርጂ ኩባንያ ኤንሮን በ1999 እ.ኤ.አ. ባንድዊድዝን እንደ ጋዝና ኤሌክትሪክ ማገበያየት ሲጀምር የገዢና የሻጭ መስመሮች የሚገናኙባቸው ቦታዎች ማዘጋጀት ነበረበት። ዛሬም ያው ነው። እኔ ገዢ የምፈልገው የደንበኛዬ ሰርቨር ባለበት ዳታ ሴንተር (የብዙ ድርጅቶች ሰርቨሮች የሚቀመጡበት ሕንፃ) ውስጥ ነው። እዚያም ቢሆን በገዢውና በሻጩ መካከል ለሚዘረጋው ኬብል በየወሩ ይከፈላል፤ ሽያጩ ትንሽ ከሆነ ትርፉን እሱ ይበላዋል።

ትርፍ ዲስክ ያላችሁ እንደ ፋይልኮይን ባሉ፣ ክፍያው በክሪፕቶ በሆነ የኢንተርኔት ገበያዎች ማከራየት ትችላላችሁ። ግን መያዣ ታስይዛላችሁ፤ ዳታው እጃችሁ ላይ መሆኑንም በየጊዜው በማረጋገጫ ታሳያላችሁ። ማሽኑ ከተቋረጠ ከመያዣው ይቆረጣል። መብራቱና ኢንተርኔቱ የማያስተማምን ሰው እዚህ ውስጥ ባይገባ ይሻለዋል።