በጎጃም የጥርስ ክሊኒክን የማምከን ሥራ ስለማሻሻል

በደብረ ማርቆስ፣ በሞጣ ወይም በቡሬ ክሊኒኩን ለማደስ ገንዘብ ያጠራቀመ የጥርስ ሐኪም አዲስ የታካሚ ወንበር ቢመኝ አይፈረድበትም። እኔ ግን መሣሪያ ከጀርም ሁሉ የሚጸዳበት የማምከኛው ክፍል ይቅደም እላለሁ፤ ሄፓታይተስ ቢን የመሰለ በደም የሚተላለፍ ቫይረስ ከታካሚ ወደ ታካሚ የሚሻገረው በአሮጌ ወንበር ሳይሆን በደንብ ባልመከነ መንቀያ ነው።

በመጀመሪያ መሣሪያ መቀቀል ይቅር። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ እዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 100 ዲግሪ ቢደርስ እንኳ ስፖር የሚባሉትን ሙቀት የሚቋቋሙ የባክቴሪያ ቅርፆች በአስተማማኝ ሁኔታ አይገድልም።

ይኸው ከፍታ በግፊት በታመቀ እንፋሎት መሣሪያ የሚያመክነውን ማሽን፣ አውቶክሌቭንም ይነካል፤ ይህ ነጥብ ብዙ ትኩረት ስለማያገኝ ጠበቅ አድርጌ እናገረዋለሁ። በባሕር ጠለል አካባቢ የግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ (የግፊት አሃድ) ሲያሳይ እንፋሎቱ 121 ዲግሪ ይደርሳል፤ በደብረ ማርቆስ ግን የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ መለኪያው ያንኑ 15 እያሳየ እንፋሎቱ 117 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀራል። 121 ለመድረስ ወደ 19 ፒኤስአይ ያስፈልጋል። ስለዚህ አዲስ ሲገዙ በግፊት ሳይሆን በሙቀት ራሱን የሚቆጣጠረውን ይምረጡ፤ ያለዎት አሮጌ ከሆነ ደግሞ አምራቹ ከፈቀደው ግፊት እንዳያልፍ በባለሙያ ያስተካክሉት እንጂ በራስዎ አይነካኩት።

ክፍሉን ሲያደራጁ ያገለገለው መሣሪያ በአንድ በኩል ገብቶ የመከነው በሌላ በኩል እንዲወጣ፣ ሁለቱም መንገድ ላይ እንዳይገናኙ ያድርጉ። ደም የደረቀበት መሣሪያ አይመክንምና ሠራተኛው ወፍራም ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጎ መሣሪያውን ውኃ ውስጥ እንደነከረ በብሩሽ ይፈትገው፤ ከዚያም አድርቆ፣ የመንቀያዎቹን አፍ ከፍቶ፣ በማምከኛ ከረጢት ያሽገው። የታሸገ መሣሪያ በ121 ዲግሪ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት፤ ደቂቃው የሚቆጠረውም ማሽኑ ከተለኮሰበት ሰዓት ሳይሆን ሙቀቱ ከሞላ በኋላ ነው። እንፋሎት በመካከላቸው እንዲያልፍ ከረጢቶቹን አያጭቋቸው፤ ሳይደርቁም አያውጧቸው፣ እርጥብ ከረጢት ጀርም ያሳልፋል።

ከረጢቱ ላይ ተለጥፎ ቀለሙን የሚቀይረው ቴፕ መሣሪያው ሙቀት እንዳገኘ እንጂ እንደመከነ አያረጋግጥም፤ ለማረጋገጫው በየሳምንቱ የስፖር ምርመራ ያድርጉ፤ ይኸውም ሕያው ስፖሮችን ማሽኑ ውስጥ አስገብቶ መሞታቸውን ማየት ነው።

መሰርሰሪያው ከእያንዳንዱ ታካሚ በኋላ አውቶክሌቭ መግባት ይኖርበታል፤ በአልኮል መጥረግ አይበቃም። ወረፋ እንዳይፈጠር ብዛት ያላቸው መሰርሰሪያዎች መግዛት ወጪው ከባድ ቢሆንም ምትክ የለውም። የውኃ መስመሩንም በየታካሚው መካከል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ያፍስሱት። በረኪና ለወለልና ደም ለፈሰሰበት ቦታ ይሁን፤ ብረት ስለሚበላ መሣሪያ አይዘፍዝፉበት። መርፌ ክዳኑ ሳይመለስ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ይጣል፣ ሣጥኑም ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋ።

መብራት በመካከል ከጠፋ የተቆጠረው ደቂቃ ሁሉ ይሰረዛል፤ ኃይል ሲመለስ ዙሩን ከመጀመሪያው ይጀምሩ፣ የተቋረጠውንም ዙር ከነሰዓቱ መዝገብ ላይ ያስፍሩ።