የካቲትን ከተማሪዎች ጋር ስናስብ፦ ከድሬ ለመምህራንና ለክበብ ተጠሪዎች

ዝግጅቱን ጥር ላይ ጀምሩ። የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና እንዳለቀ ልጆቹም እናንተም ትንፋሽ ታገኛላችሁ። ለየካቲት 12፣ ለሰማዕታት ቀን፣ የካቲት 10 ላይ መሯሯጥ ከተጀመረ ውጤቱ የታወቀ ነው። አንድ ልጅ ከስልክ የገለበጠውን ያነበንባል፣ ሰልፉ ፀሐይ ላይ ይቆማል፣ ሁሉም ምንም ሳይዝ ወደ ክፍል ይገባል። ለሞቱልን ሰዎች ይህ አይመጥንም።

ድሬዳዋ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ፤ የታሪክ ክበቡንም እኔ ነኝ የምይዘው። ልጆች የአገርን ሐዘን የራሳቸው የሚያደርጉት በከተማቸው በኩል ሲያገኙት ነው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ቀኑን ምረጡ። በየካቲት 12 እና በየካቲት 26 መካከል ሁለት ሳምንት ብቻ ስላለ "ለምን በአንድ ፕሮግራም አንጨርሰውም?" የሚል አይጠፋም። እሺ አትበሉ። የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ፋሺስቶቹም ሦስት ቀን ሙሉ የአዲስ አበባን ሰው በጥይት፣ በጩቤና በእሳት ፈጁት። የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው። እነዚህ መሣሪያ ያልያዙ ሰዎች ነበሩ። የካቲት 26 ቀን 1970 ደግሞ የኢትዮጵያ ጦር የካራማራን ተራራ አልፎ ጅጅጋን ከሶማሊያ ጦር ያስለቀቀበት ቀን ነው። አንዱ ቀን የሐዘን ነው፤ ሌላው የምስጋና። ልጆቹ ልዩነቱን እንዲያውቁት ለየብቻ አድርጉት።

የካቲት 12 የአዲስ አበባ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላቸው ከእኛ በኩል ጀምሩ። ግራዚያኒ የመጣው በኦጋዴን ነው። ጥቅምት 1928 ጎራሃይ ላይ የጦር አዛዡ አፈወርቅ ወልደሰማያት ከአውሮፕላን በተጣለ ቦምብ ቆሰለ፤ ወታደሮቼን ትቼ አልሄድም ብሎ በቁስሉ ሞተ። መጋቢት 20 ቀን 1928 ሐረር በአውሮፕላን ተደበደበች። ግንቦት 1 ላይ ከአዲስ አበባ በባቡር የመጣው የጣሊያን ጦርና የግራዚያኒ ጦር እዚሁ ድሬዳዋ ላይ ተገናኙ። ልጆቹን የድሮው ምድር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት አቁማችሁ ይህን ንገሯቸው። ስትመለሱ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር በእግር ኑ፤ ጥያቄ የሚጠይቁት ያኔ ነው።

ለየካቲት 26 ሰው ፈልጉ። ነሐሴ 1969 የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ታንኮች ድሬዳዋ ደጅ ደርሰው ነበር። ያኔ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ወታደር ዛሬ ሰባን ደፍኗል ወይም ሊደፍን ነው። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጥበቃ ሆኖ የሚሠራ አለ፣ ትንሽ ሱቅ የያዘ አለ፣ ጎረቤት አለ። ልጆቹን "አያቶቻችሁን ጠይቁ" ብላችሁ ላኳቸው። ሴቶቹን አትርሱ፤ ስንቅ ያዘጋጁ፣ ቁስለኛ ያስታመሙ እናቶች አሉ።

መጀመሪያ ብቻችሁን ሄዳችሁ ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ ከቤተሰቡም ጋር ተነጋገሩ። አንዳንዱ ማውራት አይፈልግም፤ መብቱ ነው። ከፈቀዱ ሦስት ልጆች ይበቃሉ። ጠዋት ሂዱ፤ ቀትር ላይ የድሬ ሙቀት ሽማግሌ ያደክማል። ቡናና ስኳር ያዙ፤ ባዶ እጅ አይገባም። ልጆቹ "አባባ" ይበሏቸው፣ ወይም በማዕረጋቸው ይጥሯቸው። ማዕረጉን የሚጠራላቸው ካጡ ዓመታት አልፈዋልና ደስ ይላቸዋል።

"ስንት ሰው ገደሉ?" ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። ልጆች ይህን ለመጠየቅ ይቸኩላሉ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ለምን እንደማይጠየቅ አስረዷቸው። ይልቅ ውሃ ከየት ታገኙ ነበር? ምን ትበሉ ነበር? ከጎንዎ የነበረው ማን ነበር? ለቤተሰብ ደብዳቤ ይደርስ ነበር? ይበሉ። የሞተ ጓደኛቸውን ስም ሲያነሱ ሁሉም ዝም ይበል፤ የሚጽፈውም እስክሪብቶውን ያስቀምጥ። ካለቀሱ ቀጣዩን ጥያቄ አትወርውሩ። ከፈቀዱ ድምፃቸውን ብቻ ቅዱ። ቲክቶክ ላይ አይወጣም።

መስዋዕትነት ሞት ብቻ እንዳልሆነም አሳዩ። የጦር አውሮፕላን አብራሪው ለገሠ ተፈራ በዚያው ጦርነት ተማርኮ 11 ዓመት ሶማሊያ ውስጥ ታስሯል። አንድ ልጅ የእሱን ታሪክ ያንብብ። ከኢትዮጵያ ጦር ጎን የተሰለፉትን የኩባ ወታደሮችም ጥቀሱ።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። ድሬ ናት አቦ፤ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጠው። ጦርነቱ ከዚያድ ባሬ መንግሥት ጋር ነበር፤ እንዲሁ ተብሎ ይነገር። መድረክ ላይ የሚወጣውን ግጥምና ንግግር ሁሉ ቀድማችሁ አንብቡ። "ሶማሌ" የሚለው ስም የጠላት ስም ሆኖ ከገባ አውጡት። አንዲት ልጅ በራሷ ትምህርት ቤት አንገቷን ከደፋች፣ ያ ፕሮግራም ባይካሄድ ይሻላል። በየካቲት 12 ፕሮግራም ላይ ደግሞ ዑመር ሰመተርን አንሱ፤ ወልወልና ጎራሃይ ላይ ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ሆኖ ጣሊያንን የተዋጋ ሶማሌ ነው። ልጆች ስሙን ሲሰሙ ፊታቸው ላይ የሚታየውን እናንተም ታዩታላችሁ።

በዕለቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጀምሩ፤ ከግማሽ ሰዓት አይለፍ። ለእንግዶቹ ወንበር ጥላ ሥር አስቀምጡ። የህሊና ጸሎቱ አንድ ደቂቃ ይሁን፤ ለምን ዝም እንደሚባል ለትንንሾቹ በዋዜማው ንገሯቸው። አበባ አይገዛ። ግቢው ውስጥ ቦጋንቪሊያ ያለው ቆርጦ ያምጣ፣ ለሌለውም ያካፍል። የጣሊያን ወታደሮች ከተቆረጠ ጭንቅላት ጋር የተነሱትን ፎቶ ለታችኛው ክፍል አታሳዩ። የእንጨት ጠመንጃ የያዘ የግድያ ድራማም አይኑር፤ ልጆቹ ሳቅ ይጀምራሉ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ደግሞ ነውር ነው።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሥራው አላለቀም። ልጆቹ የጻፉትን በንጹሕ ይገልብጡ። አንዱ ቅጂ ቤተ መጻሕፍት ይግባ፤ የሚቀጥለው ዓመት ክበብ ከዚያ ይነሳል። ሌላውን ሦስቱ ልጆች ራሳቸው ለባለታሪኩ ያድርሱ። ፊደሉ ትልልቅ ይሁን፤ ብዙዎቹ መነጽር የላቸውም።