በአንድ አልበም አራት ሰው ሲለያይ፦ እኛ ቤት እንዴት እንደምናደምጥ

ቅዳሜ ከሰዓት ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር እኛ ቤት ተሰብስበን አልበም እንሰማለን። እኔ፣ ጊታር የሚጫወተው ታናሽ ወንድሜ፣ ግጥም የምትጽፍ ጓደኛዬ እና ባጃጅ የሚነዳ ጎረቤታችን። እናቴ ቡና ታፈላለች። ለወራት ያልተስማማንበት አልበም የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የአርክቲክ መንኪስ «ትራንኩዊሊቲ ቤዝ ሆቴል ኤንድ ካሲኖ» ነው። እሱ ያስተማረንን ልንገራችሁ፤ እናንተም ከጓደኞቻችሁ ጋር ሞክሩት።

ስትመርጡ ሰው የሚለያይበትን አልበም ምረጡ። ሁሉም የወደደው ላይ ወሬው ቶሎ ያልቃል።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። ዘፈኖቹን ከዋዜማው አውርዱ፣ ኔትወርክ አይታመንም። መብራት ሊሄድ ስለሚችል ስፒከሩን ቻርጅ አድርጉ። ቡናው ደግሞ ቀድሞ ይወቀጥ። ይሄ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያው ዘፈን ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ 6 ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። እኛ ቤት ግማሹን ዘነዘናው ወሰደው። እንደገና ከመጀመሪያው መክፈት ነበረብን።

አልበሙ 41 ደቂቃ ገደማ ነው። እስኪያልቅ ማንም አያወራም፣ ስልክም አይነካም። ካለቀ በኋላም ወዲያው አይወራም። ለእያንዳንዱ ሰው ግማሽ የደብተር ወረቀት ስጡ፤ መጀመሪያ ይጻፍ። ይህን ደንብ ያወጣሁት በጎረቤታችን እግር ምክንያት ነው። የመጀመሪያ ቀን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር። ነጠላ ጫማው ከቤዝ ጊታሩ ጋር ወለሉን መታ መታ ያደርጋል። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ወንድሜ «ኧረ ይሄ ነገር ሞቷል!» አለ። እግሩ ቀጥ አለ። መጨረሻ ላይ ስንጠይቀው «እኔም አልተመቸኝም» አለን። እግሩ ግን ሌላ ነበር የሚለው።

ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ። የትኛው ዘፈን፣ የቱ ጋ እንደነካህ ወይም እንዳሰለቸህ። ከመስማትህ በፊት ምን ጠብቀህ እንደነበር። ከዚህ ቀደም ሰምተኸው ከሆነ የትና በምን እንደሰማኸው። «ከ5 ስንት ትሰጠዋለህ?» የሚለውን ጥያቄ እኔ ከልክያለሁ። አልበሙ ውስጥ ራሱ «ፎር አውት ኦፍ ፋይቭ» የሚል ዘፈን አለ፤ ጨረቃ ላይ ስላለ ምግብ ቤትና ከ5 ስላገኘው 4 ኮከብ ነው። ቁጥር ከተጠራ ሰው ስለ ቁጥሩ ነው የሚከራከረው፤ ሙዚቃው ይረሳል።

ከሦስቱ ትልቁ ሁለተኛው ነው። ወንድሜ «ጊታር» ብሎ ብቻ ጻፈ። እውነቱን ነው። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው «ኤኤም» በጊታር የከበደ ነበር። ሰው 5 ዓመት ጠበቀ። በ2018 የመጣው ግን ፒያኖ የበዛበት፣ ዝግ ያለ፣ ስለ ጨረቃ ሆቴል የሚያወራ ሥራ ሆነ። ዘፋኙ አሌክስ ተርነር 30 ዓመት ሲሞላው ማናጀሩ ፒያኖ ሰጥቶት ነበር፤ ዘፈኖቹን እዚያ ላይ ነው የጻፋቸው። እንግሊዝ አገር በመጀመሪያው ሳምንት አንደኛ ወጣ፤ አድማጩ ግን ለሁለት ተከፈለ። ጓደኛዬ «ኤኤም»ን ሰምታው አታውቅም። ስለዚህ ምንም አልጎደለባትም፤ ቃላቱን ብቻ ተከትላ ወደደችው። ይህን የኋላ ታሪክ ከጽሑፉ በኋላ ተናገሩ። ቀድማችሁ ካወራችሁት ሰው የሚሰማው እናንተን ነው።

ሦስተኛውንም አትዝለሉት። ጎረቤታችን አልበሙን ቀድሞ የሰማው ወደ አባይ ማዶ ሲመላለስ፣ ባጃጁ ውስጥ ነው። በሞተሩ ጩኸት መሃል የተረፈለት ከበሮው ብቻ ነበር። ያን ቀን ማታ ጆሮ ማዳመጫዬን ሰጠሁት። ዓይኑን ጨፍኖ «ለካ ቤዙ እንዲህ ይሄዳል!» አለ።

አሁን ወረቀቶቹ በየተራ ይነበቡ። ማንም አያቋርጥም። እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም፤ ተራዋ ሲደርስ «ይሄ ሰውዬ ለብቻው ነው የሚያወራው» አለች። እኔ አልበሙን ስንት ጊዜ ሰምቼው እንዲህ አድርጌ መግለጽ አልቻልኩም ነበር። ልክ ናት፤ ተርነር ብዙ ቦታ ላይ ከዘፈን ይልቅ ለራሱ የሚናገር ሰው ይመስላል። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ይጋበዝ የምለው ለዚህ ነው።

ክርክር ሲጀመር ዘፈኑን ከፍቶ ቦታውን ማሳየት ግዴታ ይሁን። አዝማሪ ቤት ስለ ትዝታ ስንከራከር ቅኝቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የምንለያየው በድምፁና በግጥሙ ነው። ከሼፊልድ የመጣ ባንድ ላይ ግን እንዲህ ያለ የጋራ መሬት የለንም። ስለዚህ «አይመችም» ያለ ሰው ዘፈኑን ይክፈትና «እዚህ ጋ» ይበል።

ወረቀቶቹን አትጣሉ፤ ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡ። ከወር በኋላ እንደገና ስሙት። እኛ ሁለተኛውን ዙር ጣና ዳር አደረግነው፣ ንፋስ ስለነበር ስፒከሩን ከግንዱ ጀርባ አስጠግተን። ጎረቤታችን ሐሳቡን ቀየረ። እኔ እንደ በፊቱ እወደዋለሁ። ወንድሜ አሁንም አይወደውም፤ ዘጠነኛው ዘፈን ላይ ጊታሩ ሲገባ ግን ተነስቶ ድምፁን ይጨምራል።